ጣሊያንኛ የምትማሩ፦ ቃሉ የት ይቆረጣል? አቼንቶውስ የት ይወድቃል?

ሚሚ_ቦሎኛ

ሰላም ለዚህ ቤት። ቀን ቀን አንዲት አሮጊት እንከባከባለሁ፣ ማታ ደግሞ የአዋቂዎች ትምህርት ቤት እሄዳለሁ። ለጣሊያን ዜግነት ቢ1 የሚባለው የቋንቋ ደረጃ ግድ ነው፣ ታውቁታላችሁ። ንግግሩ ብዙም አያቅተኝም። የሚያስቸግረኝ ሌላ ነው።

ዴታቶ ስንጽፍ (መምህሯ ታነባለች፣ እኛ እንጽፋለን) መስመር ሲያልቅብኝ ቃሉን የት እንደምቆርጥ አላውቅም። "ፓስታ" የሚለውን "ፓስ" ላይ ቆርጬ "ታ"ን ወደ ታች ሳወርድ በቀይ ተሰመረብኝ። ሌላው አቼንቶ (በቃሉ ውስጥ ጫናው የሚያርፍበት ቦታ) ነው። "ሜዲኮ" ስል "ሜ ላይ ጠንከር በይ" ትለኛለች። ጠንከር ስል ደግሞ "ኧረ ዶፒያ (ድርብ ፊደል) አደረግሽው!" ትላለች። ታዲያ ምን ልበል? ሕጉን በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው አለ?

የድሮ_መምህር

እህቴ ሚሚ፣ ጥያቄሽ ሁለት ይመስላል እንጂ አንድ ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ ጣሊያንኛ አስተምር ነበር። አማርኛ አፉን የፈታ ተማሪ ሁሉ የሚደናቀፈው እዚችው ላይ ነው።

እዚህ በፊደላችን ስለምንጽፍ አንድ ስምምነት እናድርግ። ክፍለ ቃሉን (ሲላባውን) በሰረዝ እለያለሁ። ጫናው ያረፈበትን በቅንፍ አስገባለሁ። የሚጠብቀውን ፊደል ደግሞ ደግሜ እጽፈዋለሁ።

መጀመሪያ ቆረጣው። ጣሊያንኛ ሲላባውን በአናባቢ መዝጋት ይወዳል። በሁለት አናባቢዎች መሐል አንድ ተነባቢ ብቻ ካለ ከሚቀጥለው ጋር ይሄዳል፦ ካ-ሳ፣ ታ-ቮ-ሎ፣ ፖ-ሞ-ዶ-ሮ። የተደረበ ፊደል ካለ መሐሉ ይቆረጣል፦ ማም-ማ፣ ጋት-ቶ፣ ፔን-ና። "አኳ" (ውሃ) በላቲን ሲጻፍ "ሲ" እና "ኪው" ስላለው እሱም እንደ ድርብ ይቆጠራል፦ አክ-ኳ። ል፣ ር፣ ም እና ን ከሌላ ተነባቢ በፊት ሲመጡ ካለፈው ክፍል ጋር ይቀራሉ፦ ፖር-ታ፣ ካን-ቶ፣ ካም-ፖ። ተቃራኒው ሲሆን፣ ማለትም እንደ ብ፣ ድ፣ ት ያለውን ተነባቢ ር ወይም ል ሲከተለው፣ ሁለቱ አይነጣጠሉም፦ ሊ-ብሮ፣ ኳ-ድሮ።

አንቺን ያስቸገረችሽ ኤስ ናት። ኤስ ሌላ ተነባቢ ከተከተላት አብራው ወደሚቀጥለው ትሄዳለች፦ ፓ-ስታ፣ ፌ-ስታ፣ ፊ-ኔ-ስትራ፣ ሚ-ኒ-ስትሮ። ኝ እና ሽ ደግሞ ለጣሊያኖች ሁለት ሁለት ፊደል ናቸው። እኛ ግን አንዳንድ ፊደል ስላለን ቀላል ነው። እንደ አንድ ቁጠሪያቸው፦ ባ-ኞ፣ ፔ-ሼ።

ስለ አቼንቶው ማታ እመለስበታለሁ።

ሮማ_ተርሚኒ

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የኔ ጆሮ የሚሰማው ፓስ-ታ ነው። ጣሊያኖቹም ሲያወሩ ፓስ-ታ ነው የሚሉት። "ፓ" ብሎ ቆም፣ ከዚያ "ስታ" የሚል ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

የድሮ_መምህር

ጆሮህ አልዋሸህም። ፓ-ስታ የጽሕፈት ሕግ ነው። የድምፅ ሊቃውንት ብዙዎቹ አንተ ባልከው ይስማማሉ። ምልክቱን ልንገርህ። ጫና ያረፈበት ክፍል በአናባቢ ሲያልቅ አናባቢው ይረዝማል። "ፓኔ" (ዳቦ) ሲሉ ስማ፣ ፓ-ው ሳብ ይላል፣ ፓኣኔ። "ፓስታ" ላይ ግን አይሳብም፣ አጭር ነው። ስለዚህ በአፍ ኤስ ካለፈው ክፍል ጋር ናት ማለት ነው።

ሌላም አለ። ተማሪው "ኢል ስቱዴንቴ" ሳይሆን "ሎ ስቱዴንቴ" የሚባለው ለምን ይመስልሃል? ኤስ እና ት ቃል መጀመሪያ ላይ ሲገጥሙ ከፊታቸው አናባቢ ስለሚፈልጉ ነው። የኛ ሰው "ስታዲየም" ለማለት "እስታዲየም" ይል የለ? ጣሊያኖችም በድሮ ጊዜ እንደዚያው ኢ ይጨምሩ ነበር። ዛሬም "በጽሑፍ" ለማለት "ፔር ኢስክሪቶ" ሲሉ ትሰማለህ። የዚያ ልማድ ቅሪት ነው።

ሚሚ ግን በጽሑፍ ፓ-ስታ ብላ ትቁረጥ። ነጥቡ የሚሰጠው በጽሑፉ ነው።

ኤደን_ዘ

ሰው በሞላ በስልክ በሚጽፍበት ዘመን ይሄ ሁሉ መቆራረጥ ለምንድነው? ኮምፒውተሩ ራሱ ይቆርጠው የለ። እኔ ቪቼንሳ ነው ያለሁት፣ አንድም ሰው ስለ ሲላባ ጠይቆኝ አያውቅም። በደንብ ማዳመጥ ነው፣ አለቀ።

ሚሚ_ቦሎኛ

ኤዱዬ፣ አንቺ እድሜ ለልጅነትሽ በጆሮሽ ይዘሽዋል። እኔ አርባን አልፌያለሁ፣ ጆሮዬ ሕግ ካልያዘ አይሰማም 😅

ጎሚስታው

ሃሃ እኛ ጋራዥ ውስጥ ጣሊያንኛ ነው የምናወራው፣ ግን ጣሊያኖቹ አይሰሙንም። መኪና፣ ፋብሪካ፣ ቡሎን፣ ካቻቪቴ። መምህር፣ እነዚህ በትክክል ሲነገሩ እንዴት ናቸው?

የድሮ_መምህር

ጎሚስታው፣ ጥሩ ምሳሌ አመጣህ። [ማክ]-ኪ-ና፣ [ፋብ]-ብሪ-ካ፣ ቡል-[ሎ]-ኔ፣ ካች-ቻ-[ቪ]-ቴ። እኛ "መኪና" ስንል ኪ-ውን አላላነው፣ ድምፁንም ደልድለን ለሦስቱም ክፍል እኩል አከፋፈልነው። ሮም ሄደህ "ማኪና" ብትል ይገባቸዋል፣ ግን ፈገግ ይላሉ።

አሁን ወደ አቼንቶው። ሚሚ፣ መምህርሽ "ጠንከር በይ" ስትልሽ አንቺ ያደረግሽው ተነባቢውን ማጥበቅ ነው። አማርኛ ውስጥ "ጠንከር" ሲባል የምናውቀው ማጥበቅን ነዋ። "ገና" ላላ ሲል አልደረሰም ማለት ነው፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። "ዋና" ሲላላ ባሕር ውስጥ ነው፣ ሲጠብቅ ዋናው ጉዳይ ነው። ምላሳችን በዚህ የሠለጠነ ነው። የክፍል ጫና ግን በአማርኛ በጣም ደካማ ስለሆነ ልብ ብለነው አናውቅም። ስለዚህ "ሜዲኮ" ላይ ጫና ጨምሪ ስትባዪ "ሜድዲኮ" ብለሽ ቁጭ!

የጣሊያንኛ ጫና የሚያርፈው አናባቢው ላይ ነው። ክፍሉ በአናባቢ ካለቀ ሳቢው፣ ትንሽ አስረዝሚው፦ ሜኤ-ዲ-ኮ። ዲ-ዋን አትንኪያት። ዶፒያ ካለ ደግሞ በተቃራኒው አናባቢው አጭር ይሆናል፣ ተነባቢው ይያዛል። ፓኣ-ላ አካፋ ነው፣ ፓል-ላ ኳስ ነው። ካኣ-ሳ ቤት፣ ካስ-ሳ ገንዘብ የሚከፈልበት ሣጥን። ሴኤ-ቴ ጥማት፣ ሴት-ቴ ሰባት። ሁለቱን አንድ ላይ አዳምጪ፣ ልዩነቱ ከተነባቢው ብቻ አይደለም፣ ከአናባቢው ርዝመትም ነው።

በዚህ በኩል ከሌላው ተማሪ እንሻላለን። እንግሊዝኛ ተናጋሪው ፓላ እና ፓልላን መለየት ፈተና ይሆንበታል። እኛ ግን ከእናታችን ጡት ጋር ነው የጠጣነው። የሚጎድለን የአናባቢው መሳብ ብቻ ነው።

ፖርታ_ቬኔዚያ

ዶፒያ ላይ መቀለድ የለም። ዕድሜህን ስትናገር "አንኒ" ካላልክ፣ "አኒ" ብለህ ካላላኸው፣ ስለ መቀመጫህ ቀዳዳ እያወራህ ነው 😂 ሠላሳ አሉኝ ብለህ ፎርም ሞልተህ ስጥ!

ሚሚ_ቦሎኛ

ወይኔ ጉዴ 😂 ይኸው አሮጊቷን "ኖንና" ነው የምላቸው። ሳላጠብቅ "ኖና" ብላቸው ምን ማለት ነው?

ፖርታ_ቬኔዚያ

ዘጠነኛዋ። ስምንቱን የት እንዳደረስሽ ይጠይቁሻል።

ሚሚ_ቦሎኛ

መምህር፣ የመሳቡ ነገር አሁን ገባኝ፣ ተባረኩ። ሜኤዲኮ ብዬ ለኖንና አልኳቸው፣ "ብራቫ" አሉኝ። ግን የትኛው ክፍል ላይ እንደምስብ በምን ላውቅ? ጽሑፉ ላይ ምልክት የለም።

የድሮ_መምህር

ምልክት የሚጻፈው ጫናው መጨረሻው ክፍል ላይ ሲወድቅ ብቻ ነው፦ ቺት-[ታ]፣ ካፍ-[ፌ]፣ ፔር-[ኬ]፣ ኡ-ኒ-ቬር-ሲ-[ታ]። እነዚህን ትሮንኬ ይሏቸዋል። ምልክቷ ግዴታ ናት፣ ብትረሻት ትርጉሙ ሊገለበጥ ይችላል። [ፓር]-ሎ "እናገራለሁ" ነው፣ ፓር-[ሎ] "ተናገረ" ነው። ልዩነቷ ያች ጭረት ናት።

ምልክት ከሌለ ከመጨረሻው በፊት ያለውን ክፍል ገምቺ። አብዛኛው ቃል እንደዚያ ነው፣ ፒያኔ ይባላሉ፦ አ-[ሚ]-ኮ፣ ፖ-ሞ-[ዶ]-ሮ፣ ቦ-[ሎ]-ኛ። ግምትሽን የሚያጠናክር አንድ ነገር ልጨምርልሽ፣ ሲላባ መቁረጥ የሚጠቅመውም እዚህ ጋ ነው (ኤደን፣ ይቺ ላንቺም ናት)። ያ ከመጨረሻው ሁለተኛው ክፍል በተነባቢ የተዘጋ ከሆነ ጫናው እሱ ላይ ነው ብለሽ ማለፍ ትችያለሽ፦ ሞ-[ሜን]-ቶ፣ ዶ-[ማን]-ዳ፣ ሶ-[ሬል]-ላ። የሚያፈነግጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የታወቁት [ታ]-ራን-ቶ እና [ኦ]-ትራን-ቶ የሚባሉት የደቡብ ከተሞች፣ [ማን]-ዶር-ላ የሚሉት ኬክ ላይ የሚደረገው ፍሬ፣ እንዲሁም የኢንሹራንስ ውል ማለት የሆነው "ፖሊትሳ" ነው፣ ፖ ላይ ነው የሚነሣው።

ጣጣው የሚመጣው ክፍሉ ክፍት ሲሆን ነው። ያኔ ጫናው አንድ ወደ ኋላ ሊሸሽ ይችላል፦ [ታ]-ቮ-ሎ፣ [ሜ]-ዲ-ኮ፣ ቴ-[ሌ]-ፎ-ኖ። ዝድሩቾሌ ይሏቸዋል። እነዚህን ከነጫናቸው መሸምደድ ነው እንጂ ሌላ መላ የለም። አንዳንድ የቃል ጭራዎች ግን ያግዛሉ። "ኢሲሞ" ያለበት ሁሉ እንደ ቤል-[ሊስ]-ሲ-ሞ ነው። "አቢሌ" እና "ኢቢሌ" የሚያልቀው እንደ ፖስ-[ሲ]-ቢ-ሌ። "ኢኮ" የሚያልቀው አብዛኛው እንደ ፖ-[ሊ]-ቲ-ኮ ነው፣ ነገር ግን አሚኮ፣ ኔሚኮ እና አንቲኮ ከዚህ ይወጣሉ፣ ሚ-ው እና ቲ-ው ላይ ነው የሚሳቡት። "ትሲዮኔ" የሚያልቀው ሁሉ ትሲዮ ላይ ነው፦ ስታ-[ትሲዮ]-ኔ።

ፖርታ_ቬኔዚያ

ሚሚ ቦሎኛ ካለሽ ነጻ ትምህርት ቤት አለሽ፣ ባቡር ጣቢያ። ድምፅ ማጉያው የከተማ ስም ሲጠራ አዳምጪ። ወደ ባሕሩ የሚወርደው መስመር [ሪ]-ሚ-ኒ ይልና ቀጥሎ አን-[ኮ]-ና ይላል። ወደ ሚላኖ የሚሄደው [ሞ]-ዴ-ና ይላል። የኛ ልጆች "ሞዴና" ሲሉ ዴ-ን ይስባሉ፣ ወዲያው ይታወቃል። [ጄ]-ኖ-ቫ፣ [ፓ]-ዶ-ቫ፣ [ቤር]-ጋ-ሞ፣ [ኡ]-ዲ-ኔ፣ [ብሪን]-ዲ-ሲ፣ [ና]-ፖ-ሊ፣ ሁሉም ከፊት ናቸው። ሚ-[ላ]-ኖ እና ቶ-[ሪ]-ኖ ደግሞ ከመሐል።

በስልክ ስምሽን በፊደል ስትነግሪያቸው ለዲ የሚጠሩት ከተማ ዶሞዶሶላ ነው፦ ዶ-ሞ-[ዶስ]-ሶ-ላ። ትንሽ ከተማ ናት፣ ዝናዋ ግን በስልክ ነው።

በነገራችን ላይ የኛ አገር ስም በነሱ አፍ ኤ-[ቲዮ]-ፒያ ነው።

ኤደን_ዘ

እሺ ይሁን፣ ያች የተዘጋ ክፍል ሕግ አሪፍ ናት 🙌 ግን ግሱስ? እኔን ግራ የሚያጋባኝ እሱ ነው። "ፓርሊያሞ" ብለው "ፓርላኖ" ሲሉ ጫናው ይዘላል።

የድሮ_መምህር

ትክክል ነሽ፣ ግስ ላይ ሕጉ በሰዋስው ነው። "እኛ" ሲሆን ጫናው ጭራው ላይ ይወርዳል፦ ፓር-[ሊያ]-ሞ። "እነሱ" ሲሆን ወደ ግንዱ ይመለሳል። "እኔ" ስትዪ ያረፈበት ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው። [ፓር]-ሎ ካልሽ [ፓር]-ላ-ኖ ነው። [አ]-ቢ-ቶ ካልሽ [አ]-ቢ-ታ-ኖ ነው። ከመጨረሻው አራተኛው ላይ ደረሰ፣ አየሽ? ቴ-[ሌ]-ፎ-ና-ኖም እንደዚያው። ብዙ የውጭ ሰው "አቢታኖ" ሲል ታ-ን ይስባል።

ግሱ ላይ ትንንሽ ቃላት ሲለጠፉበትም ጫናው ከቦታው አይነቃነቅም። [ፖር]-ታ-ሜ-ሎ፣ "አምጣልኝ"። ስንት ቢለጠፍበት ፖር ላይ ነው።

በ"ኤሬ" የሚያልቁት መነሻ ግሶች ግን ለሁለት ይከፈላሉ፣ መለያም የላቸውም። ቬ-[ዴ]-ሬ እና አ-[ቬ]-ሬ መሐል ላይ፣ [ፕሬን]-ዴ-ሬ፣ [ስክሪ]-ቬ-ሬ እና [ሌጅ]-ጄ-ሬ ከፊት። መሸምደድ ነው።

ሮማ_ተርሚኒ

በጣም የሚገርመኝ "ካፒቶ" ነው። ሦስት ቦታ ይስቡታል፣ ሦስት ቃል ይሆናል።

[ካ]-ፒ-ቶ፣ "ብቅ እላለሁ"። ካ-[ፒ]-ቶ፣ "ገባኝ" የምንለው። ካ-ፒ-[ቶ]፣ "አጋጠመ"። የመጨረሻዋ ብቻ ናት ምልክት ያላት።

ሥራ ቦታ ደግሞ "[ሱ]-ቢ-ቶ!" ሲሉህ አሁኑኑ ማለት ነው። ሱ-[ቢ]-ቶ ከሆነ "ደረሰበት፣ ተበደለ" ነው። የኔ አለቃ የመጀመሪያውን ሲል ሁለተኛው ይደርስብኛል 😩

እዚህ ሮም ደግሞ "ሱብቢቶ" እያሉ ያጠብቁታል። "ሮባ" (ዕቃ) የሚለውንም "ሮብባ"። ዴታቶ ላይ በሰማሁት ጽፌ ስንት ጊዜ ተሰመረብኝ። ይሄ ትክክል ነው ወይስ የሰፈር ነው?

የድሮ_መምህር

የሮምና የደቡብ ልማድ ነው። በአናባቢዎች መሐል ያለችን ብ ማጥበቅ ይወዳሉ። ስትጽፍ በአንድ ብ ነው። ሰሜኖቹ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፣ ድርቡን ያላሉታል። የሚላኖው ወንድማችን ይመስክር።

ሌላ የሚጠብቅ ነገር አለ፣ ይሄኛው ግን የሰፈር ሳይሆን የደረጃው ጣሊያንኛ ነው። መጨረሻው ላይ ጫና ያለበት ቃል ወይም እንደ "አ" እና "ኤ" ያለ አጭር ቃል የሚቀጥለውን ቃል የመጀመሪያ ፊደል ያጠብቃል። "አ ካሳ" ተጽፎ "አክካሳ" ይነበባል። "ኤ ቬሮ" ተጽፎ "ኤቭቬሮ" ይነበባል። አንዳንዱ ተጣብቆ ቀርቶ ጽሑፉም ተቀብሎታል፦ "ዳቭቬሮ" የ"ዳ" እና የ"ቬሮ" ጋብቻ ነው፣ "ሶፕራትቱቶ"ም እንዲሁ ከ"ሶፕራ" እና ከ"ቱቶ" ነው።

ፖርታ_ቬኔዚያ

እመሰክራለሁ። ሚላኖ "አ ካሳ" ላላ ብሎ ነው የሚባለው። ሮም የኖረ ዘመዴ እዚህ መጥቶ "አክካሳ" ሲል "ከደቡብ ነህ?" ብለው ጠየቁት። ጥቁር ሰውዬውን!

ሚሚ_ቦሎኛ

አንድ ልጠይቅና ልተኛ። "ፋርማቺያ" እና "ኢታሊያ" ሁለቱም በ"ኢያ" ያልቃሉ። አንዱን ቺ ላይ ስቤ "ቤኔ" (ጥሩ) ተባልኩ፣ ሌላውን ሊ ላይ ስቤ ተሳቀብኝ።

የድሮ_መምህር

እዚህ ጋ ቆረጣውና ጫናው ይገናኛሉ። ኢ-ዋ ላይ ጫና ካለ ራሷን ችላ ትቆማለች፦ ፋር-ማ-[ቺ]-አ፣ ፖ-ሊ-[ትሲ]-አ፣ ሎም-ባር-[ዲ]-አ። ጫና ከሌለባት ከሚቀጥለው ጋር ትጣበቅና አንድ ክፍል ይሆናሉ፦ ኢ-[ታ]-ሊያ፣ ሲ-[ቺ]-ሊያ፣ [ስቶ]-ሪያ። "ፓውራ" (ፍርሃት) ላይም እንደዚሁ ኡ ትለያለች፦ ፓ-[ኡ]-ራ። ስትጽፊ ግን ከተጠራጠርሽ በሁለት አናባቢ መሐል መስመር አትስበሪ፣ ሌላ ቦታ ፈልጊ። ማንም አያርምሽም።

የትኛው እንደሆነ ስትጠራጠሪ መዝገበ ቃላት ክፈቺ። ጫናውን ምልክት አድርገው ያሳያሉ። ለአጻጻፍና ለአነባበብ የተዘጋጀ ዶፕ የሚባል መዝገበ ቃላት አለ፣ የጣሊያን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት (ራይ) በ1969 ያሳተመው። ዛሬ በኢንተርኔት በነጻ ነው። ክርክር የገጠመሽ ቃል ካለ ደግሞ ፊሬንሴ ያለው አካዴሚያ ዴላ ክሩስካ ለሕዝብ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በ1583 የተቋቋመ ነው፣ የቋንቋው ሽማግሌ በሉት።

ጎሚስታው

መምህር፣ ጣሊያኖቹ ራሳቸው አይሳሳቱም እንዴ?

የድሮ_መምህር

ይሳሳታሉ እንጂ! የስልክ ማውጫውን ሩ-[ብሪ]-ካ ማለት ሲገባቸው [ሩ]-ብሪ-ካ የሚሉ ሞልተዋል። የግንባታ ሠራተኛው ኤ-[ዲ]-ሌ ነው፣ ግማሹ [ኤ]-ዲ-ሌ ይላል። የዳቦው ልብ ሞል-[ሊ]-ካ ነው፣ ደቡብ ግን [ሞል]-ሊ-ካ ነው። ሽልማቱን ኖ-[ቤል] ነው የሚባለው፣ [ኖ]-ቤል የሚል ጋዜጠኛ ትሰማለህ። የፍሪ-[ዩ]-ሊን አውራጃ [ፍሪ]-ዩ-ሊ የሚሉት የዚያው አገር ሰዎችን ያናድዳሉ።

ኤደን_ዘ

ወንድሜ እኮ የግንባታ ሠራተኛ ነው፣ አሠሪው ራሱ [ኤ]-ዲ-ሌ ነው የሚለው። የቱን ይበል?

የድሮ_መምህር

ፈተና ላይ ኤ-[ዲ]-ሌ። ሥራ ላይ እንዳሠሪው።

ሚሚ_ቦሎኛ

ነገ ዴታቶ አለ። ማንዶርላ እንድታመጣብኝ እየጸለይኩ ነው 😂